ከአልጋው በላይ የተኛው አፅም፦ ሜክሲኮን በምስል ብቻ ሲያዩ የሚያመልጠው

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ድርጅት የሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ የፍሪዳ ካህሎ አንድ ሥዕል በ54.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ሴት ሠዓሊ የሠራችው ሥዕል በጨረታ ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም ነበር። ሥዕሉ «ሕልሙ (አልጋው)» ይባላል፤ የተሠራው በ1940 ነው (ይህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍሪዳ ደመና ላይ በተንሳፈፈ ባለ አራት ምሰሶ አልጋ ተኝታለች። በብርድ ልብሷ ላይ ሐረግ ተስቧል። ከአልጋው ጣሪያ ላይ ደግሞ እንደ እሷው ሁለት ትራስ የተንተራሰ፣ እቅፍ አበባ የያዘ፣ ገላው በፈንጂ የተጠመጠመ አፅም ጋደም ብሏል።

ሥዕሉን በስልኩ የሚያይ የውጭ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ግምት «ይሄ የሜክሲኮዎቹ የሙታን ቀን ነው» የሚል ነው። ግምቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ከሜክሲኮ ወደ ውጭ የሚወጣው ምስል ራስ ቅል፣ ቁልቋል፣ ሰፊ ባርኔጣና ደማቅ ቀለም ስለሚበዛበት አእምሮ ያገኘውን አፅም ሁሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ይሁን እንጂ ግምቱ ስህተት ነው። የዚህ አፅም ቦታ በኖቬምበር መባቻ ሟቾች የሚታሰቡበት የሙታን ቀን ሳይሆን የትንሣኤ ዋዜማ ነው።

አንድ አፅም፣ ሦስት ሥራ

ፍሪዳ በአልጋዋ ጣሪያ ላይ እውነተኛ የወረቀት አፅም ነበራት። እንዲህ ያለው ሥራ በስፓኒሽ ካርቶኔሪያ ይባላል፤ ወረቀትን በሙጫ እየደራረቡ ቅርጽ የማውጣት ሙያ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ከሸምበቆ አጥንቱን ያስራል። ቀጥሎ ዱቄትና ውኃ አብስሎ ባዘጋጀው ሙጫ የጋዜጣ ቁራጭ እየነከረ ይደራርብበታል፤ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ በመጨረሻም ይቀባዋል። ችኮላ አይወድም። የውስጠኛው ድርብርብ ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ይሻግታል፤ መገጣጠሚያውም ይላላል። የተጠናቀቀው ምስል ርችት ተጠምጥሞበት በቀዳም ሥዑር መንገድ ላይ በተወጠረ ገመድ ይንጠለጠልና ክሩ ይለኮሳል። ስሙ «ይሁዳ» ነው፤ ከሃዲውን ማቃጠል ማለት ነው። ቀንዳም ሰይጣን፣ አፅም ወይም ሕዝብ የጠላው ባለሥልጣን ሊመስል ይችላል። ለመፈንዳት የሚሠራ ዕቃ በመሆኑ አሮጌ ይሁዳ ማግኘት ከባድ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ፈንጂም የመጣው ከዚሁ ነው። በአልጋዋ አናት ላይ የተኛው ገና ያልተለኮሰ ይሁዳ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ተመልካች ሥዕሉን እንደ ሞት ምልክት ሳይሆን እንደ ተንጠለጠለ ሥጋት ያነበዋል።

ሁለተኛው አፅም የፌዝ አፅም ነው። ላባና አበባ የበዛበት ባርኔጣ የደፋችው፣ ዛሬ «ካትሪና» የምትባለው የራስ ቅል የሙታን ቀን ዋና መለያ ሆናለች፤ በየዓመቱ ሰዎች ፊታቸውን እሷን አስመስለው ይቀባሉ። ምንጯ ግን የጋዜጣ ቀልድ ነው። ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ (1852–1913) ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በጥቂት ሳንቲም ለሚሸጡ ወረቀቶች ሥዕል የሚሠራ የኅትመት ባለሙያ ነበር። አሲድ በማይበላው ቀለም በዚንክ ሰሌዳ ላይ ይሥላል፤ አሲዱ የቀረውን ሲበላው መስመሩ ጎልቶ ይቀራል፤ ሰሌዳው ከፊደል ጋር ተደርድሮ በአንድ ጊዜ ይታተማል። ርካሽና ፈጣን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህች ሥዕል የመጀመሪያ ስም «ላ ካላቬራ ጋርባንሴራ» ነበር፤ ጋርባንሶ ሽምብራ ማለት ነው። የሚሾፍባቸው የአገሬው ተወላጅ ሆነው ሳለ ትውልዳቸውን ደብቀው እንደ አውሮፓ ወይዘሮ የሚለብሱ ሽምብራ ሻጮች ናቸው። ፖሳዳ የሠራው ጭንቅላቷንና ባርኔጣዋን ብቻ ነው። ሙሉ አካልና ቀሚስ የሰጣት፣ በአንገቷ ላይም የጥንቱን አምላክ ላባ ለባሹን እባብ እንደ ሻርፕ ጣል ያደረገላት የግድግዳ ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ነው፤ በ1947 በግድግዳ ሥዕሉ መካከል ሲያቆማት። ዛሬ በየሱቁ የምትሸጠው ካትሪና እንግዲህ ግማሿ የፖሳዳ፣ ግማሿ የሪቬራ ናት። ነገሩ ቀልድ አለው፤ አውሮፓዊ ለመምሰል የሚደክሙትን ለመተቸት የተሠራች ሥዕል የአገር ማንነት ዓርማ ሆና ቀረች።

ሦስተኛው የስኳር ራስ ቅል ነው፤ የሙታን ቀን እውነተኛ ቤተኛ እሱ ነው። ሁለት ግማሽ ያለው የሸክላ ቅርጽ ማውጫ አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ደረቅ ሆኖ ከተሞላ ስኳሩ ይጣበቅና ሲወጣ ይሰበራል። ስኳሩ ከውኃና ከጥቂት ሎሚ ጋር ይፈላል፤ ነጣ እስኪል ይታሻል፤ ትኩሱን ይገለበጣል። ዳር ዳሩ ሲረጋ መሐሉ ላይ ያለው ፈሳሽ ተመልሶ ይደፋል። ክብደቱ የሚቀንሰውም ውስጡ ባዶ በመሆኑ ነው። ግንባሩ ላይ ስም ይጻፍበታል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ የሟች ሳይሆን የሚሰጠው የወዳጅ ስም ነው። «ለአንተም ተራህ ይደርሳል» የሚል ጣፋጭ ቀልድ መሆኑ ነው።

ገበታውና ክርክሩ

በኖቬምበር 1 እና 2 ሜክሲኮዎች በቤታቸው ኦፍሬንዳ ይዘረጋሉ። ኦፍሬንዳ የሟቹ ፎቶ፣ ውኃ፣ ጨው፣ ሻማ፣ የሚወደው ምግብና «የሙታን ዳቦ» የሚቀመጥበት ገበታ ነው። በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ቀን ለሕፃናት፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች ይሆናል። ለእኛ አንባቢ ቅርቡ ንጽጽር ተዝካር ነው፤ ልዩነቱን መያዝ ግን ያስፈልጋል። ተዝካር ላይ የሚበላው ሕያው ነው፤ ለካህናትና ለነዳያን የቀረበው ለሟቹ ነፍስ ይታሰባል። በኦፍሬንዳ ላይ ግን የምግቡ ሽታ ለራሱ ለሟቹ ነው፤ ሴምፓሱቺል የተባለው ብርቱካንማ አበባ መዓዛው ይመራዋል ተብሎ እስከ በር ድረስ ይነሰነሳል። የሚጤሰው ኮፓል የሚባል ሙጫ ከእኛ እጣን ጋር የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ልጅ ነው።

በዓሉ ከየት መጣ የሚለው ሜክሲኮ ውስጥም ያልተቋጨ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን ከስፔን ወረራ በፊት የነበረ ነው ይላል። ማስረጃም አለው፦ ከወረራው በፊት አገሩን የገዙት አዝቴኮች ለሞቱ ሕፃናትና ለአዋቂዎች የተለዩ ሁለት በዓላት ነበሯቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዶሚኒካኑ መነኩሴ ዲዬጎ ዱራን የአገሬው ሰዎች በካቶሊኩ የቅዱሳን ቀን ለሕፃናት፣ በማግስቱ ለአዋቂዎች መባ ሲያቀርቡ አይቶ «የድሮው በዓላቸው ነው» ብሎ ጠርጥሯል። እንደ ታሪክ ተመራማሪዋ ኤልሳ ማልቪዶ ያሉት ደግሞ በዓሉ በመሠረቱ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የካቶሊክ ልማድ ነው፤ «ጥንታዊ» የሚለውን ካባ ያለበሱት በ1910 ከተነሣው አብዮት በኋላ አገራዊ ማንነት ይገነቡ የነበሩ ምሁራን ናቸው ሲሉ ተከራክረዋል።

ገበታው ራሱ ከሁለቱም ወገን የሚደግፈው ነገር አለው። ስንዴውና ስኳሩ ከስፔን ጋር የመጡ ናቸው፤ አበባው፣ ኮፓሉና ካካዎው እዚያው የነበሩ። ስለዚህ «ንጹሕ አዝቴክ» የሚለውም «ሙሉ በሙሉ ካቶሊክ» የሚለውም ገበታውን በደንብ አላየም። ዩኔስኮ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረውም የአገሬው ተወላጆች ለሙታን ያላቸውን በዓል ነው፤ ትኩረቱ ገበታውና መቃብሩ እንጂ የአደባባይ ትርኢት አይደለም።

የአደባባዩ ትርኢት ሌላ ጉዳይ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ መሐል ግዙፍ አፅሞች የሚጎተቱበት ሰልፍ የተጀመረው በ2016 ነው። መነሻው ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም «ስፔክተር» ነበር፤ ፊልሙ የሚከፈተው በከተማዋ በማይታወቅ፣ ለቀረጻ በተፈጠረ የሙታን ቀን ሰልፍ ነው። ቱሪስቶች ፊልሙ ላይ ያዩትን ፈልገው እንደሚመጡ የገመቱት ባለሥልጣናት ሰልፉን እውን አደረጉት። «የሆሊውድ ፈጠራ» ብለው የናቁት አሉ። ሌሎች ደግሞ በዓል ሁሉ አንድ ቀን ጀማሪ ነበረው ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ ትክክል ቢሆንም የሰልፉን ፎቶ «የሺህ ዓመት ባህል» ብሎ መለጠፍን አያስችልም።

ጥንታዊ የሚመስሉ ወጣቶች

ይኸው የዕድሜ ስህተት በሌሎች ምስሎችም ይደጋገማል። አሌብሪሄ የሚባሉት የዘንዶ ክንፍ፣ የነብር ገላና የወፍ ምንቃር የተቀላቀለባቸው ደማቅ ፍጡራን ጥንታዊ አማልክት ይመስላሉ። የፈጠራቸው ግን የይሁዳ ምስል ይሠራ የነበረው የሜክሲኮ ሲቲው ፔድሮ ሊናሬስ ነው፤ በ1930ዎቹ ታምሞ በነበረበት ጊዜ በሕልሙ እንዳያቸው ይነገራል። መጀመሪያ የወረቀት ነበሩ። በኋላ በኦሃካ ግዛት ያሉ ቀራጮች ከኮፓል እንጨት መሥራት ጀመሩ፤ ዛሬ ቱሪስት የሚገዛው በአብዛኛው ይኸኛውን ነው። ኮፓል የሚቀረጸው እርጥብ ሳለ ነው፤ ያኔ ለስላሳ ነውና። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጥሩ ባለሙያ ስንጥቁን በእንጨት ሽብልቅ ሞልቶ፣ ነቀዙን አጥፍቶ ነው ቀለም የሚቀባው። ሳይደርቅ የተቀባ ዕቃ ከገዢው መደርደሪያ ላይ ሆኖ ቀለሙን ሰንጥቆ ይከፈታል። በ2017 የወጣው «ኮኮ» የተሰኘው ፊልም አሌብሪሄዎችን የሙታን መንፈሳዊ መሪዎች አድርጎ አቅርቧቸዋል። ያ የፊልሙ ሐሳብ ነው፤ ከሊናሬስ ወረቀትም ሆነ ከኦሃካ እንጨት ጋር አይገናኝም።

በተቃራኒው እውነተኛ ጥንታዊ ሆኖ በስህተት የሚጠራ አለ። ዲያሜትሩ 3.6 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 24 ቶን የሆነው ክብ የፀሐይ ድንጋይ በ1790 ከሜክሲኮ ሲቲ ዋና አደባባይ ሥር የወጣ የአዝቴክ ሥራ ነው። በ2012 «የማያዎች የቀን መቁጠሪያ የዓለምን ፍጻሜ ተናገረ» የሚለው ወሬ በዓለም ሲናፈስ ብዙ መገናኛ ብዙኃን አብረው ያሳዩት ይህንኑ ድንጋይ ነበር። ማያዎች በደቡብ ምሥራቅ የሚኖሩ ሌላ ቋንቋና ሌላ ጽሕፈት ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። የላሊበላን ፎቶ ለጥፎ ስለ ሐረር ግንብ እንደመጻፍ ያለ ነው።

ግድግዳው በፎቶ የማያሳየው

ከ1910 እስከ 1920 በዘለቀው አብዮት ማግስት አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ነበር። በ1921 የትምህርት ሚኒስትር የሆነው ሆሴ ቫስኮንሴሎስ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ለሠዓሊዎች ሰጠ። ሪቬራ፣ ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮና ዴቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በዓለም የታወቁት ከዚህ ተነሥተው ነው። ሪቬራ በትምህርት ሚኒስቴሩ ሕንፃ ከ1923 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ከ200 በላይ ክፍል ሥዕሎችን ሠርቷል። አንዱ ግቢ የሥራ፣ ሌላው የበዓላት ነው፤ የሙታን ቀንም እዚያ የመንግሥት ግድግዳ አግኝቷል። ኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ ሥዕል ተነጥሎ ይታያል። በቦታው ግን ኮሪደሩን እየዞሩ፣ በሦስተኛው ፎቅ ደግሞ በሥዕሉ ላይ እንደ ጥብጣብ የተሳበውን የሕዝብ ዘፈን ግጥም እየተከተሉ የሚያነቡት ነገር ነው።

ዘዴው ፍሬስኮ ይባላል፤ በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ መሣል ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በሸማ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በፍሬስኮ ግን ቀለሙ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። በውኃ ተፈትቶ ለረጅም ጊዜ የቆየ ኖራ ከአሸዋ ወይም ከእብነ በረድ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በየድርቡ ይለሰናል፤ የመጨረሻው ስስ ልስን የሚለሰነው ሠዓሊው በዚያ ቀን ሊጨርስ በሚችለው መጠን ብቻ ነው። ቀለሙ ማጣበቂያ የለውም፤ በውኃ ብቻ ነው የሚበጠበጠው። ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን ይዞት ይጠነክራል። ሠዓሊው ዘግይቶ በደረቀው ላይ ከጨመረ ያ ክፍል ውሎ አድሮ ይረግፋል። ኖራ የሚያቃጥላቸው ቀለሞችም ስላሉ ምርጫው ጠባብ ነው፤ በግድግዳዎቹ ላይ የአፈር ቀይና ቡናማ የሚበዛው በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነው።

ሪቬራ መጀመሪያ ላይ «የጥንቶቹን ምስጢር አገኘሁ» ብሎ የኖፓል ጭማቂ ቀለሙ ውስጥ ጨምሮ ነበር። ኖፓል በትግራይና በሰሜኑ ክፍል የምናውቀው የበለስ ተክል ነው፤ በሜክሲኮ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ንሥሩ እባብ ይዞ የቆመው በዚሁ በለስ ላይ ነው። ተክሉ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ አካባቢ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ በርበሬውም እንደዚሁ። የሪቬራ ሙከራ ግን አልሠመረም። ጭማቂው በስብሶ ግድግዳው ላይ ጠቃጠቆ ስለተወ ወደ ተለመደው የኖራ ዘዴ ተመለሰ። «ጥንታዊ» የሚለው ቃል የራሷን የሜክሲኮን ሠዓሊም እንደሚያታልል እዚህ ላይ ይታያል።

የተቆረጠ ፎቶና ቢጫ ሰማይ

በአብዮቱ ዘመን ከተነሡት ፎቶዎች በጣም የታወቀው ከባቡር ደረጃ ላይ ወደ ውጭ አዘንብላ በጭንቀት የምታይ ሴት ፎቶ ነው። «አዴሊታ» ይሏታል፤ የአብዮቱ ጀግና ሴት ተደርጋ በፖስተርና በመጻሕፍት ሽፋን ወጥታለች። የመስታወቱ ኔጋቲቭ ግን ሰፊ ነው። የፎቶ ታሪክ ተመራማሪዎች በ1912 በሄሮኒሞ ኤርናንዴስ የተነሣ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ በሙሉው ምስል ላይ አጠገቧ ሌሎች ሴቶች ቆመዋል፤ የወታደር ስንቅ የሚያሰናዱ ይመስላሉ። ፎቶው ሲቆረጥ ሌሎቹ ጠፉና ብቸኛ ጀግና ተፈጠረች።

ፊልም ደግሞ ሳይቆርጥም ይለውጣል። በ2000 በወጣው «ትራፊክ» ፊልም የሜክሲኮ ትዕይንቶች በትምባሆ ቀለም ማጣሪያ ቢጫ፣ የአሜሪካዎቹ አንዱ ክፍል ደግሞ ሰማያዊ ተደርገው ተቀርጸዋል። ዓላማው ተመልካቹ የተለያዩትን ታሪኮች በቀላሉ እንዲለይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ልማድ ሆነና ድንበሩ በታለፈ ቁጥር ሰማዩ አቧራ መምሰል ጀመረ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በመቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምታንሰው። ዝናቧም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ፊልሙን አምኖ በሐምሌ ያለ ጃንጥላ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የሚያገኘው የለመደውን የከሰዓት በኋላ ክረምት ነው። በሰሜን በረሃ መኖሩ ሐሰት አይደለም፤ ስህተቱ በረሃው ለአገሩ ሁሉ መዋሱ ላይ ነው።

ምስሉ ዕቃ ሲሆን

እነዚህ ስህተቶች ከሥነ ጥበብ ክፍል ወጥተው የገንዘብ ጉዳይ ይሆናሉ። ዲዝኒ በ2013 የሙታን ቀንን የስፓኒሽ ስም የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ በተነሣበት ተቃውሞ ማመልከቻውን አንሥቷል። ሜክሲኮ በ2022 የአገሬው ተወላጆችንና የአፍሮ ሜክሲካውያንን ባህላዊ ንብረት የሚጠብቅ ፌዴራላዊ ሕግ አወጣች። በነሐሴ 2025 ደግሞ አዲዳስ በኦሃካ ከምትገኘው ቪያ ኢዳልጎ ያላላግ የጫማ አሠራር ወስዷል ተብሎ ከተወቀሰ በኋላ ተወካዩ ወደ መንደሯ ሄዶ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። የሕጉ አስቸጋሪ ጎን ባለቤትነቱ የማኅበረሰብ መሆኑ ነው፦ ማን ይፈርማል? ጎረቤት መንደርም ያንኑ ጥለት ቢሠራስ? «የሜክሲኮ ስታይል» የሚለው ጥቅል መጠሪያ የሚጠቅመው ወሳጁን ነው፤ መንደሩ ካልተጠራ ፈቃድ የሚጠየቅ አካል የለምና።

የፍሪዳ ሥዕል ዋጋም ከፊሉ የሕግ ውጤት ነው። ሜክሲኮ በ1984 ሥራዎቿን የሥነ ጥበብ ሐውልት ብላ ስለደነገገች በአገር ውስጥ ያሉት ለሽያጭ ከአገር ሊወጡ አይችሉም። እሷ የሠራችውም ጥቂት ነው። ስለዚህ የዓለም ገበያ የሚሻማው አስቀድመው ውጭ የቀሩትን በጣት የሚቆጠሩ ሥዕሎች ነው። «ሕልሙ» በ1980 ሲሸጥ 51,000 ዶላር ነበር ያወጣው። ልዩነቱን የሠራው የሥዕሉ ጥራት ብቻ ሳይሆን ፊቷ በቦርሳና በቲሸርት መባዛቱ ጭምር ነው። የኦሃካዋ የቴዋንቴፔክ ቀሚስ ከእሷ የበለጠ ዕድሜ ያለው የሴቶች ነጋዴዎች ልብስ ሆኖ ሳለ ዛሬ «የፍሪዳ ቀሚስ» ይባላል።

አንበሳው

ለአዲስ አበባ ሰው ሜክሲኮ በመጀመሪያ የታክሲ ረዳት የሚጠራው ሠፈር ነው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በዓለም መንግሥታት ማኅበር አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላት፤ በሦስተኛው መስመር ላይ። የከተማዋ ሜትሮ ማንበብ የማይችል ተሳፋሪም እንዳይጠፋ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሥዕላዊ ምልክት ሰጥቷል፤ የመጀመሪያዎቹን የነደፈው የ1968 ኦሊምፒክን ዓርማ የሠራው ላንስ ዋይማን ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያ ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። እዚያ የሚሳፈር የሜክሲኮ ተማሪ ስለ ኢትዮጵያ በየቀኑ የሚያየው ምስል እሱ ነው፤ ንጉሡም፣ ጦርነቱም፣ ማኅበሩም ምልክቱ ላይ የሉም።